ሩዝ አብሳይዋ ልጇን ስትድር

ካሊዱሬን በምትባለው መንደር ድግስ ካለ ዋጊራን ፍለጋ ቤት ለቤት መዞር አያስፈልግም። ወደ ድግሱ ቤት ጓሮ ዞሮ ጭሱ ወደሚወፍርበት መሄድ ነው። እዚያ፣ ከረጅሙ የመዳብ ድስት ጀርባ፣ አንዲት ቀጭን ሴት ቁጢጥ ብላ እንጨት ስታገላብጥ ትገኛለች። እሷው ናት።

የድግስ ሩዝ እንደ ቤት ሩዝ አይደለም። መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ፈላ ፈላ ይልና ገና ሳይበስል ይወጣል። ከዚያ በሾጣጣ የቀርከሃ ቅርጫት ተደርጎ በመዳቡ ድስት አፍ ላይ ይቀመጥና በእንፋሎት ይበስላል። ሲወጣ ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ በማራገቢያ ይቀዘቅዛል፤ አለዚያ እስከ ማታ ይጎመዝዛል። ይህን ሥራ የሚያውቁ ሴቶች በመንደሩ ብዙ ናቸው፣ የሚታገሡት ግን ጥቂት ናቸው። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ከእሳቱ ሥር ንቅንቅ ማለት አይቻልም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጨዋታው ያመልጣል። ዋጊራ ሥራውን የወደደችው ለዚሁ ነው። ሌሎቹ ቃሪያ እየቀነጠሱ፣ ኮኮናት እየፈቀፈቁ የሰውን ባል ሲያነሡና ሲጥሉ እሷ ፊቷን ወደ እሳቱ አድርጋ ትሰማለች። የሚያስቅ ነገር ሲመጣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል እንጂ ድምፅ አይወጣትም።

ሩዝ የምታበስል ሴት ደግሞ ድግሱ እስኪያልቅ ገላዋን አትታጠብም። ከታጠበች በረከቱ ይሄዳል፣ እንግዳው ሳያልቅ ሩዙ ያልቃል ይባላል። የወጥ ቤቱ አዛዥ ሱፒያ በድግሱ መጨረሻ ላይ በዋጊራ አጠገብ ስታልፍ አፍንጫዋን ትይዝና ዘንድሮ ሩዙ በደንብ በርክቷል ማለት ነው ትላለች። ሴቶቹ ይንጫጫሉ። ዋጊራም አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። እንዲህ ሆኖ ነበር የሚኖረው።

ዋጊራ የተባለችው ዋጌ በሚባለው የገበያ ቀን ስለተወለደች ነው። እናቷ ቶሎ ሞታባት ያሳደገቻት አያቷ ናት። አያቷ በሰው ማሳ የሩዝ ችግኝ እየተከለች የምትኖር ሴት ስለነበረች ልጅቷም ገና በልጅነቷ ጭቃ ገባች። ሩዝ የሚተከለው ጎንበስ ብሎ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ ነው፤ ወደ ፊት የሚሄድ ሰው የራሱን ችግኝ ይረግጣል። ሰው ፊት መውጣት ለማትወድ ልጅ ይህ ተስማማት። ትምህርት ቤትም ገብታ ነበር። ችግሩ መምህሩ ስም ሲጠራ አቤት ማለት አቃታት። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እያለች ቀሪ ተባለች። በሚቀጥለውም ቀን እንዲሁ። እንዲህ ስትቀር ስትቀር በመጨረሻ እውነትም ቀረች።

ያገባችው ሳርጂማንም ዝምተኛ ነበር። ሁለቱ ሲጋቡ ጎረቤት፣ በዚያ ቤት እንግዲህ የምትናገረው ዶሮዋ ብቻ ናት ብሎ ቀልዷል። ግን ተስማምተው ኖሩ። እሱ ከማሳ ሲመጣ እሷ ሻይ ታቀርባለች፣ እሱ ይጠጣል፣ እሷ ሲጠጣ ታያለች፣ አለቀ። በአንድ የዝናብ ወራት ትኩሳት ይዞት ሞተ። ያን ዕለት ሰዉ እንዴት እንደመጣ ዋጊራ እስከ ዛሬ አትረሳውም። ማንንም አልጠራችም። አንዷ ሩዝ ይዛ፣ አንዷ እንጨት ተሸክማ፣ ወንዶቹ ቀርከሃ እየቆረጡ፣ እሷ ገና አልቅሳ ሳትጨርስ ሻዩ ፈልቶ ነበር። ሱፒያ ራሷ ከጎኗ ተቀምጣ ፀጉሯን አሰረችላት።

አንድ ልጅ ቀረችላት፣ ዊጋቲ የምትባል። ይህቺ ደግሞ ማንን እንደወጣች እንጃ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደ ጅረት ትናገራለች። አድጋ ከባሕሩ ዳር ካለው ትልቅ ከተማ ጫማ ፋብሪካ ገባች፤ እዚያው አብሯት ከሚሠራ ልጅ ጋር ተዋደደች። የልጁ ወላጆች መጥተው ጠየቁ፣ የመንደሩ ሽማግሌ የሁለቱን የልደት ቀን አዛምደው ቆጠሩና ቀን አወጡ። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ባለው ወር ሆነ።

ዊጋቲ ለሠርጓ እረፍት ወስዳ እንደመጣች ለእናቷ አንድ ሐሳብ አቀረበች። የእንግዳውን ምግብ ከከተማ እንዘዝ፣ በመኪና ትኩሱን ያመጡልናል፣ አንቺም አትደክሚም አለቻት። ከመንደሩ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሆና በስልክ ደውላ ዋጋ ሁሉ ጠይቃ ነበር። ዋጊራ እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ለምን ስትባል አላብራራችም፤ ሰዎቹ አሉ ብቻ አለች። ሰዎቹ ያለቻቸው ጎረቤቶቿን ነው።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በካሊዱሬን ለሞት ማንም አይጠራም፣ ለደስታ ግን ይጠራል። የድግሱ ባለቤት ራሷ በእግሯ በየቤቱ ትሄድና እጅሽን አውሺኝ ትላለች። ካልተጠራች የምትመጣ ሴት የለችም፤ ብትመጣ ሆዷን ተከትላ መጣች ይባላል። ዋጊራ ይህን አታውቅም ማለት አይቻልም፣ በዚህ መንደር ነው ፀጉሯ የሸበተው። ግን እሷን እራሷን ጠርቷት የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ሩዝ አብሳይ ስለሆነች እንደ ድስቱ ነው የምትቆጠረው፤ ድስት አይጠራም፣ የት እንዳለ ይታወቃል። ድግስ መኖሩን ስትሰማ ማራገቢያዋን ይዛ ትሄዳለች። የእሷ ቤት ሰው ሞልቶ የሚያውቀው ደግሞ ለሳርጂማን ለቅሶ ብቻ ነው። እና ሰው እንዲሁ የሚመጣ መሰላት።

እውነቱን ለመናገር ትንሽ ፍርሃትም ነበረበት። ቤት ለቤት ሄዶ ኑልኝ ማለቱን ስታስበው ሥራ ፈልጋ ወደ ጓሮ ትገባለች። ደግሞ እንዲህ ብላ አሰበች፦ እኔ ለነሱ ስንት ዓመት ሩዝ አብስያለሁ፤ አሁን ደጃቸው ሄጄ ብቆም ያበሰልኩላችሁን መልሱልኝ ያልኩ ይመስላል። ነውር ነው። ዝም ብል ይሻላል። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

መንደሩ በበኩሉ ሌላ ነገር ጠረጠረ። አንድ ፒክአፕ ከከተማ የኪራይ ወንበርና ሳህን ጭኖ በመንደሩ መሐል አልፎ በዋጊራ ደጃፍ ቆመ። ዊጋቲ በስልክ የምግብ ዋጋ ስትጠይቅ ደግሞ ሱቅ የነበረች ሴት ሰምታለች። ሁለቱ ነገር ሲገጣጠም ወሬው ከሱቁ ተነሥቶ ቦዩን ተሻገረ፦ ዋጊራ ምግቡን ከከተማ አዛለች፣ ልጇ ገንዘብ ይዛለች፣ የእኛ እጅ አላማራትም። ሱፒያ ይህን ስትሰማ ምንም አላለችም አሉ። ሱፒያ ምንም ካላለች ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው።

እንዲህ ሆኖ የሠርጉ ዋዜማ፣ ሴቶቹ ሥራ ይጀምሩበታል የተባለው ጠዋት፣ ደረሰ። ዋጊራ ጓሮዋን ጠርጋ፣ ትልልቅ ጉልቻ ተክላ፣ እንጨት ደርድራ፣ ኮኮናቱን ልጣ፣ ምንጣፍ ዘርግታ ጠበቀች። ለብዙ ሰው የሚሆን ሻይ አፈላች። ሻዩ ቀዘቀዘ። አሞቀችው። ደግሞ ቀዘቀዘ። በመንገዱ ላይ ሴቶች ያልፋሉ፤ ደህና አደርሽ ይሏታል፣ ደህና አደራችሁ ትላለች፣ እነሱ ባዶውን ምንጣፍ አየት ያደርጉና ይሄዳሉ። ግቡ ብትል ይገቡ ነበር። ግን እነሱ የቆሙ ስላልመሰላት አላለችም፣ እሷ ስላላለች እነሱም አልቆሙም።

ቀትር ሲቃረብ ዋጊራ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጥፋቷን ትፈልግ ጀመር። ባለፈው የግርዛት ድግስ ሩዙ ጠጥሮ ይሆን? መንገድ ላይ ሰላም ሳትለው ያለፈችው ሰው ነበር? አንድም አላገኘች። ከዚያ የባሰው መጣባት። ምናልባት ጥፋት ላይኖር ይችላል፣ ምናልባት ይህን ሁሉ ዓመት የተቀመጠችው ከሰዎቹ አጠገብ እንጂ ከሰዎቹ ጋር አልነበረም። ልጇ ያለ ጎረቤት እጅ ከተዳረች፣ በኪራይ ሳህን የባዕድ ወጥ ከቀረበ፣ ዋጊራ የዚህ መንደር ሰው ነኝ ብላ ነገ በየትኛው ድስት ጀርባ ትቀመጣለች? ሆድ ባሳት። አላለቀሰችም ግን፤ ዊጋቲ እያየቻት ነበር።

በዚህ መሐል የባሏ ወንድም ጊሚን በጓሮ በኩል ብቅ አለ። ጊሚን ጠዋትና ማታ ኮኮናት ዛፍ ላይ እየወጣ ጭማቂውን ለስኳር የሚቀዳ ሰው ነው። ከላይ ሆኖ የሁሉን ጓሮ ስለሚያይ ምንም አያመልጠውም። የቀርከሃ መቅጃዎቹን ከትከሻው አወረደና ቆሞ ዙሪያውን ተመለከተ።

«ሰዉ የት አለ?» አላት።

«አልመጣም፣ ካንግ» አለች፤ ካንግ ታላቅ ወንድም ማለት ነው።

«ጠርተሻቸዋል?»

ዋጊራ እሳት የሌለበትን ጉልቻ ማየት ጀመረች። ጊሚን ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ የቀዘቀዘውን ሻይ ለራሱ ቀዳና ጠጣ።

«ጠዋት ከዛፉ ላይ አየኋቸው እኮ» አለ። «ሱፒያ ደጃፏ ላይ ሆና ቢላ ትስላለች። የሚታረድ ነገር እንኳ የላትም። ቱሚኒ የኮኮናት መፈቅፈቂያዋን አጥባ ፀሐይ ላይ አስጥታዋለች። ሁሉም ዓይናቸው እዚህ መንገድ ላይ ነው። የከተማ ምግብ ልታበላን ነው ብለው ነው የተቀየሙሽ።»

ዋጊራ ይህን ስትሰማ አንድ ጊዜ ደስ አላት፣ ወዲያው ደግሞ ፈራች። ደስ ያላት አልጠሉኝም ብላ ነው። የፈራችው ደግሞ ምን ማድረግ እንዳለባት ስለገባት። ጊሚንን ለመነችው። አንተ ዙርልኝ፣ ሁሉም ይወድሃል፣ ባንተ አፍ ይቅለል አለችው።

«እኔ? ወንዱ ሰውዬ ሴቶቹን ሽንኩርት ላጡ ብዬ ልዙር? ከዛፍ ብወድቅ ይሻለኛል።»

ዊጋቲ ስልኳን አወጣች። ሁሉም ስልክ አላቸው፣ አሁኑኑ ልጻፍላቸው፣ በአንድ ጊዜ ይደርሳቸዋል አለች። ዋጊራ ተስፋ አድርጋ ጊሚንን አየችው።

«በስልክ የተጠራች ሴት በስልክ ትላጥልሽ» አላት ጊሚን ለዊጋቲ። ከዚያ ወደ ዋጊራ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጊራ፣ ነገሩ ሌላ መድኃኒት የለውም። ያንቺን አፍ ነው የሚፈልጉት።»

ዋጊራ ተነሣች፣ ነጠላ ጫማዋን አደረገች፣ ወጣች። የሱፒያ ቤት ከመንገዱ በስተግራ ሦስተኛው ነው። አልቆመችም። እግሯ አለፈ። የቱሚኒንም አለፈች። ሰው ቢጠይቃት የቦዩን ውኃ ልመለከት ነው ልትል አስባ እስከ ማሳው ወረደች። ማሳው ታጭዶ ቆረኑ፣ የአገዳው ጉቶ፣ ብቻ ቀርቷል፤ የሰው ዳክዬዎች የወደቀውን ሩዝ ይለቅማሉ። እርከኖቹ ወደ ታች እስከ ወንዙ ድረስ ይደረደራሉ፣ ውኃው ከአንዱ ወደ አንዱ ይንቆረቆራል። ቦዩ ዳር ተቀመጠችና ቃሉን ለመለማመድ ሞከረች። ልጄን ልድር ነው፣ እጃችሁን አውሱኝ አለች በለሆሳስ። ዳክዬዎቹ ቀና ብለው አዩዋትና ወደ ሌላው እርከን ሄዱ።

እሷም ሳቀች። ብቻዋን ሆና እንኳ እንደልማዷ ያለ ድምፅ ነው የሳቀችው። ከዚያ ተመለሰች።

ሱፒያ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ረጃጅም ፎሶሊያ ትሰብር ነበር። ጠዋት የሳለችው ቢላ ከጎኗ አለ። ዋጊራ ወደ ማሳ ስትወርድም አይታታለች፣ ስትመለስም እያየቻት ነው።

«ከየት ነው?» አለች ሱፒያ።

«ከማሳ፣ ዩ» አለች፤ ታላቅ እህት ስትጠራ ዩ ነው የምትለው።

«ማሳውማ ታጭዷል። ቆረን ልትቆጥሪ ነው የወረድሽ?»

ዋጊራ ቆማ ቀረች። ሱፒያ ፎሶሊያዋን ቀጭ ቀጭ እያደረገች ቀጠለች።

«የከተማው ሩዝ ነጭ ነው አሉ። እንደ ጥጥ ነው አሉ። ጥሩ ነው። እኛም እንግዲህ አምሮብን ወንበር ላይ ተቀምጠን እንበላለን። እኔ ዕድሜዬን ድግስ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ምን እንደምለብስ ሁሉ ግራ ገብቶኛል።»

ዋጊራ መሄድም አልቻለችም፣ መናገርም አልቻለችም። እጇ ግን ዝም ብሎ መቆም አይወድም። ቁጢጥ አለችና ከሱፒያ ሰፌድ ላይ አንድ ፎሶሊያ አንሥታ መስበር ጀመረች። ሱፒያ ተወችው። ሁለቱም ሰበሩ፣ አንዷ በቁጣ፣ አንዷ በፍርሃት። ግማሹን ሲጨርሱ ዋጊራ እጇ ላይ ላለው ፎሶሊያ እንደምትነግር ሆና ተናገረች።

«የከተማ ሩዝ የለም።»

«ምን አልሽ?»

«ያዘዝኩት ምግብ የለም፣ ዩ። ጉልቻው ባዶ ነው። ኮኮናቱን ልጬ ጠበቅኳችሁ። ሻይ አፍልቼ ነበር። እንዲሁ የምትመጡ መስሎኝ ነው፣ ለሳርጂማን እንደመጣችሁ።» ትንፋሿ አለቀባትና ቆመች። ከዚያ፣ «ልጄን ልድር ነው። እጅሽን አውሺኝ» አለች።

ሱፒያ ግቢው ውስጥ ምንም ያላደረገች ዶሮ ላይ ጮኸች፣ አባረረቻት፣ በመዳፏ ጀርባ ዓይኗን ጠረገች።

«ስንት ዓመት ከእሳት ጋር ስታወሪ ከረምሽ» አለች በመጨረሻ፤ «ለእኛ ይህቺን ታክል ቃል አጣሽ?»

«አልቻልኩበትም።»

«እኔስ ብትይ! ዛሬ ጠዋት ቢላዬን ይዤ እስከ በርሽ ድረስ መጥቼ ነበር። ሳልጠራ ብገባ ምን ትለኛለች ብዬ ተመለስኩ። ለካ አንቺ ምንጣፍ ዘርግተሽ ቁጭ ብለሻል። ይሉኝታ ሁለታችንንም ሊቀብረን ነበር እኮ።»

ዋጊራ ትንሽ ቀለላትና ሌሎቹን ሱፒያ ራሷ እንድትጠራላት ጠየቀቻት። ሱፒያ ቢላዋን በጨርቅ እየጠቀለለች እምቢ አለች። በእኔ አፍ ከተጠሩ የእኔ ድግስ ይሆናል፣ ግማሹም ይቀየማል አለች። «እኔ ከኋላሽ አለሁ። አፉ ግን ያንቺ ነው።»

እንዲህ ሆነና ሁለቱ ወጡ። ቱሚኒ ጋ ሲደርሱ ቱሚኒ መፈቅፈቂያዋን አቅፋ በሩ ላይ ነበረች፤ ዋጊራ አፏን ስትከፍት እሺ ብላ ቀድማት መንገድ ገባች፣ ሱፒያ ይዛ አስቆመቻትና እስክትጠሪ ቁሚ እንጂ አለቻት። በሚቀጥለው ቤት የወጣው ባልየው ነበር። ዋጊራ ደንግጣ ቃሉን ለሱ አለችው፤ ልጄን ልድር ነው እጅህን አውሰኝ። ሰውዬውም ኮስተር ብሎ፣ እኔ መፈቅፈቅ አልችልም፣ ቃሪያ ግን እሞክራለሁ አለና ሚስቱን ጠራት። ከመንገድ ያሉት ሴቶች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከቦዩ ማዶ ያለችው ሴት ደግሞ ዛሬ አልችልም አለች፤ እህቷ ታማባት ወደዚያ መሄዷ ነው፣ ነገ በጠዋት እመጣለሁ አለች። ዋጊራ ይህን ዓይነት መልስ ነበር በጣም የፈራችው። ግን አልችልም የሚለውን ቃል ሰማችው፣ ምንም አልሆነችም፤ እህትሽን እግዜር ይማርልሽ ብላ ተመለሰች።

ቃሉም እየቀለላት ሄደ። መጀመሪያ ላይ የሱፒያን ትንፋሽ ከኋላዋ እየሰማች ነበር የምትናገረው። በኋላ በኋላ ዞር ብላ ማየቱን ተወች። ሲመለሱ መንገዱ ሞልቶ ነበር፤ ቢላ በጨርቅ፣ ሙቀጫ በጀርባ፣ አንዷ የሙዝ ቅጠል በራሷ፣ አንዷ ሕፃን በወገቧ። ጊሚን ከዛፍ ላይ ሆኖ አየና ለማታው ጭማቂ የተሰቀለውን መቅጃ እያንኳኳ አጀባቸው።

ጓሮው ወዲያው ሌላ ሆነ። ኮኮናቱ ተሰበረ፣ ያልበሰለው ጃክፍሩት፣ ያ ግዙፍ ፍሬ፣ ተከተፈ፣ ዝንጅብልና እርዱ ተወቀጠ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቴምፔ ለጥብስ ተቆራረጠ። የማን ባል ምን እንዳደረገ ወሬው ካለፈው ድግስ ከቆመበት ቀጠለ። ዋጊራ እፎይ ብላ ማራገቢያዋን አነሣችና በቀጥታ ወደ ረጅሙ ድስት ጀርባ አመራች። ሱፒያ የእንጨት ጭልፋ ይዛ መንገዱን ዘጋችባት።

«ወዴት? ባለ ድግስ ወጥ ቤት ምን ትሠራለች? ሩዙን ቱሚኒ ታበስላለች። አንቺ ታጠቢ፣ ዘንድሮ ተፈቅዶልሻል። ከዚያ የክት ባቲክ ልብስሽን ልበሺና ከፊት ተቀመጪ፣ ሰው ይመጣል።»

ዋጊራ ቱሚኒ እሳቱን በጣም እንዳታበዛው ልትናገር ብላ ነበር፣ ግን ሳቁ በዛና ተወችው። ታጠበች። ለበሰች። ከቤቱ ፊት ለፊት ከተደረደሩት የኪራይ ወንበሮች በአንዱ ጫፍ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ጉልበቷ ላይ አደረገችው፣ ከጎኗ አደረገችው፣ መልሳ ጉልበቷ ላይ አደረገችው። ቀና ስትል የራሷ ጓሮ ጭስ ከጣራው በላይ ወደ ኮኮናቶቹ ሲወጣ አየች። የድግስ ጭስ ከፊት ሆና አይታ አታውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ውስጡ ናት። ለካ ከሩቅ ያምራል።

ይህን እያየች አንዲት ሴትዮ በበትር እየተመሩ ወደ ደጃፉ ሲመጡ አየች። ሁሉም ምባህ፣ አያቴ፣ የሚላቸው ካሲየም ናቸው፣ ከመስጊዱ ጀርባ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ በመንደሩ ከእሳቸው የሚበልጥ ሰው የለም። ዓይናቸውም ጆሯቸውም ደክሟል። ዋጊራና ሱፒያ እሳቸው ጋ አልገቡም ነበር። ሱፒያ፣ «አርጅተዋል፣ አናድክማቸው» ብላ ነው ያለፉት።

ምባህ ካሲየም ከወንበሮቹ ፊት ቆሙ፣ አልተቀመጡም።

«እግር ሰማሁ» አሉ። «ብዙ እግር። ወደ አንዱ ቤት ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ወደ አንዱ ሲገባ። እኔ ጋ ሲደርስ አልቆመም። ሞቼ ይሆን እንዴ አልኩ።»

ዋጊራ ከወንበሯ ተነሣች። ሱፒያን ፍለጋ ወደ ኋላዋ ዞረች፤ ከኋላዋ ግድግዳው ብቻ ነበር። የሱፒያ ድምፅ ከጓሮ ይሰማል፣ ስለ ጨው ትጨቃጨቃለች። ዋጊራ ወደ አሮጊቷ ቀረበች።

«ምባህ፣ ልጄን ልድር ነው» አለች። «እጅዎን ያውሱኝ።»

ምባህ ካሲየም መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «አልሰማሁም።»

«ልጄን ልድር ነው፣ እጅዎን ያውሱኝ።»

«ማን ሊዳር ነው?»

ዋጊራ አየር ሳበች። «ምባህ! ልጄን ልድር ነው! ይምጡና ነጭ ሽንኩርት ይላጡልኝ!»

ጓሮ የነበረው የቢላና የሙቀጫ ድምፅ ሁሉ ቆመ። ዊጋቲ እናቷ የወደቀች መስሏት ከቤት ሮጣ ወጣች። ከጓሮ ሱፒያ ማን ነው የሚጮኸው ብላ ጠየቀች፣ አንዷ እንጃ፣ የማላውቀው ድምፅ ነው አለች።

ምባህ ካሲየም ራሳቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቁ፤ ቃሉ ልክ መሆኑን እየመረመሩ ይመስል ነበር።

«እሺ፣ ተጠራሁ» አሉ። «ቢላ ግን አልያዝኩም። ሳልጠራ ቢላ ይዤ ልምጣ?»

ዋጊራ ክንዳቸውን ይዛ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና ቢላ ልታመጣ ወደ ጓሮ ዞረች።